የጣት ያህል ቆሮሶ

ጥር 3፣ እሑድ

ስልኬን አያንቱ ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች፤ ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የማወራው ከዚህ ደብተር ጋር ነው። ደብተሩም የራሷ ነው፤ ከምትሠራበት የሽንኩርት እርሻ ያመጣችው። «ቀን»፣ «ንፋስ»፣ «ውሃ»፣ «የታየ ለውጥ» የሚል ሰንጠረዥ ተሰምሮበታል። ኃጢአቴን ለሽንኩርት በተሠራ ደብተር ላይ ልጽፍ ነው ማለት ነው። ይሁን።

ዛሬ የእህቴ የአያንቱ ሽማግሌዎች የሚመጡበት ቀን ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ሊያገባት የጠየቃት ምልኬሳ አዳማ አጠገብ፣ መልካሳ ምርምር ጣቢያ ይሠራል፤ ቀጭን፣ ትሁት፣ ሲስቅ እንኳ ፈቃድ የሚጠይቅ የሚመስል ልጅ። እናታችን ከሞተች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። አባታችን ሻሸመኔ ሌላ ቤት፣ ሌላ ልጆች አሉት። ስለዚህ የሴት ወገን ሆኖ የተቀመጠው አጎታችን ጋሽ ዱጋሳ ነበር። አዲሱ ኮቱ እጅጌ ላይ የዋጋው ወረቀት ተንጠልጥሏል። አይቼዋለሁ። አልነገርኩትም።

ለስላሳ በትሪ ይዤ ገባሁ። አራት ሽማግሌዎች «ሳይፈቀድልን አንቀመጥም» ብለው ቆመዋል። አራተኛውን አየሁት። እሱም አየኝ።

አባ ጀሪካን!

ደብተሩ አያውቅምና ልንገረው። ኅዳር ላይ እኔና ጓደኛዬ ዙለይካ ሐይቁ ዳር ስንዞር አንድ ሽማግሌ ክሩን ውሃ ውስጥ ጥሎ፣ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ተኝቷል። እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ማለፍ ይቻላል? እኔ አልቻልኩም። ደንገሉ ውስጥ ሾልኬ ገብቼ የዘይት ጀሪካን ውሃ ሞላሁና መንጠቆው ላይ አንጠለጠልኩለት። ክሩን ነቅነቅ፣ ነቅነቅ። ሽማግሌው ባነነ። «አምባዛ ነው! ኧረ ሰዎች ያዙኝ፣ አምባዛ ነው!» እያለ፣ ትልቅ ዓሣ የያዘ መስሎት፣ አሥር ደቂቃ ታገለ። ጭቃው አዳልጦት እስከ ወገቡ ገባ፤ ሸምበቆውን ግን አልለቀቀም። በመጨረሻ ቢጫ ጀሪካን ወጣ። ዙለይካ ቀረጸች፣ እኔ ቲክቶክ ላይ ጫንኩት፣ ስልሳ ሺህ ሰው አየው። አሁን ከተማችን ባቱ ውስጥ ጋሪ ሲገለበጥም፣ ኳስ ሲሳትም «አምባዛ ነው!» ነው የሚባለው።

ሰውዬው አምና ከቆቃ የመጣ እንግዳ ነው። ልጅ እንዳለው ማን ያውቃል? ያውም ምልኬሳ!

እዚያው ይቅርታ ብል ኖሮ። ዝም ብል እንኳ ኖሮ። ሳቄ አመለጠኝ። ትሪው ተንቀጠቀጠ፣ አንዱ ጠርሙስ ወደቀ።

«ይቺ ልጅ የማን ናት?» አለ ሽማግሌው።

«የአያንቱ ታናሽ ናት፣ ጂቱ» አለ ጋሽ ዱጋሳ። «ትንሽ ቀልድ ታበዛለች...»

«አውቃታለሁ።»

ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ሳይቆጣ ተናገረ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «አያንቱን አልጠላሁም። ልጄ ይወዳታል፣ እኔም ልወዳት ነው የመጣሁት። ይቺ ግን ፊቴ ላይ እየሳቀች ዘመዴ ናት ብዬ አልበላም፣ አልጠጣም።»

ጋሽ ዱጋሳ ደነገጠ። «በግ እናቀርባለን፤ እግርዎ ላይ ትወድቃለች።»

«በግ አልፈልግም። አንድ ቆሮሶ ዓሣ ታምጣልኝ። በመንጠቆ፣ ከዳር ሆና፣ እኔ ጎን ተቀምጣ ያወጣችውን። ያን ቀን ጥሩኝ፤ መጥቼ የሠርጉን ቀን እንቆርጣለን።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው «ካሣ ካሣ ነው» አለ። አለቀ። ማንም ሳይቀመጥ ሄዱ። ለስላሳው ሳይከፈት ቀረ።

ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ይገባል። ከገባ እስከ ፋሲካ ሠርግ የለም። አያንቱ አልጮኸችብኝም። ዕቃ አጠበች። አንዱን ትሪ ሦስት ጊዜ አጠበችው።

አንድ ዓሣ! ሐይቅ ሙሉ ዓሣ አለ አይደል እንዴ? ነገ እጨርሰዋለሁ።

ጥር 4

አልጨረስኩም።

የናይለን ክር፣ ሦስት መንጠቆ፣ ለተንሳፋፊ የሚሆን የጠርሙስ ቡሽ፣ አንድ ሸምበቆ። የመጀመሪያው መንጠቆ የያዘው እኔን ነው፤ ሹራቤ እጅጌ ላይ። ትሉን ለሁለት ስቆርጠው ሁለቱም በየፊናቸው ሄዱ።

«አከም ቡልታን፣ አባባ» ብዬ ሰላም አልኩት። ስሙ ሰንበታ ነው።

«ነገያ» አለ ወደ ውሃው። ከእኔ አምስት እርምጃ ርቆ ተቀምጧል። ቀኑን ሙሉ ከዚያ በቀር ቃል አልወጣውም። ከኋላችን አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ መላጣ ረጃጅም ወፎች፣ ልክ እንደ ሽማግሌዎቹ ቆመው ያዩኛል። እነሱም አልተቀመጡም።

የታየ ለውጥ፦ የለም።

ጥር 5

ምንም። አንድ መንጠቆ ደንገል በላው። አፍንጫዬ ተላጠ። ኮፍያ አትርሺ።

ጥር 7

መሳቂያ ሆኛለሁ። ሰው ላይ ስሳለቅ የኖርኩ እኔ! አንድ ጀልባ ቀዛፊ መረቡን እየሰበሰበ «እህት፣ ዓሦቹ ቪዲዮሽን አይተውታል፤ ጀሪካን ታስሪብናለሽ ብለው ነው የማይመጡት» አለኝ። ወደቡ ላይ የዓሣ ቅርፊት እያነሳች የምትውለው ዙለይካ ሳቋን መያዝ አቅቷት ቢላዋዋን ጣለች።

«አንቺም ቀርጸሻል እኮ!» አልኳት።

«እኔ እህት የለኝማ የሚያገባት» አለች። ከዚያ ፊቴን አየችና «ይቅርታ፣ ቀልዴን ነው» አለች። ዙለይካ ይቅርታ የምትለኝ ሲጨንቃት ብቻ ነው። ምን አይታ ነው?

ያቀረብኩላቸው ምግብ፦ ትል፣ ፓስታ፣ ሊጥ፣ ዳቦ፣ ማስቲካ። ማስቲካውን ሳላኝከው መስጠቴ ይሆናል ስህተቱ።

አንድ ነገር ግን ገርሞኛል። ሽማግሌውም አራት ቀን ሙሉ አንድም አልያዘም። ጠዋት ይመጣል፣ ክሩን ይጥላል፣ ማታ ባዶ እጁን ይሄዳል። አይናደድም፣ ቦታ አይቀይርም፣ ትል እንኳ ሲቀይር አላየሁትም። ታዲያ ምን ሊሠራ ነው የሚመጣው?

ጥር 9

አጭበረበርኩ። ደብተር ከማንም በፊት ይወቀው። ከዙለይካ አንድ ቆሮሶ ገዛሁ፣ አፉን በመንጠቆ ቀደድኩት፣ ሽማግሌው ዞር ሲል ውሃ ውስጥ ነክሬ «ያዝኩ!» ብዬ ጮህኩ። እንዴት ያለ ጩኸት! ራሴንም አሳመንኩት።

መጣ። ዓሣውን ተቀበለኝ። ጆሮው ሥር ገለጥ አድርጎ አየው፣ አሸተተው፣ ጀርባውን በአውራ ጣቱ ዳበሰው።

«ይሄ ዓሣ በረዶ ላይ አድሯል» አለ። «እዚህ ጋ ደግሞ የመረብ ክር ሠርቶበታል። ያውልሽ።»

ከዚያ ለአባ ኮዳዎቹ ወረወረላቸው። ሦስቱ ሲጣሉበት፣ እኔ የማደርገው ሳጣ አጨበጨብኩላቸው።

ይሄን ለአያንቱ እንዳይነግራት። አይነግራትም ብዬ አስባለሁ። ለምን እንደዚያ እንዳሰብኩ አላውቅም።

ጥር 11፣ ጥምቀት

ዓሣ የለም፤ በዓል ነው። ምልኬሳ ነጭ ለብሶ ከአዳማ መጣ። ከአባቱ ጋር ሁለት ጊዜ ተነጋግሮ ሁለቱንም ጊዜ «ቃሌ ቃል ነው» ተብሏል። ጓሮ ከአያንቱ ጋር ሲያወሩ ሰማሁ። ለመስማት ብዬ አይደለም፤ መስኮቱ ሥር የተቀመጥኩት ጥላ ስለነበረ ነው።

«አዳማ ያየሁት ቤት አንድ ክፍል ነው፤ ግን ፀሐይ ይገባዋል» ይላታል።

«ጂቱስ?»

«ጂቱ ትልቅ ሰው ሆናለች እኮ። ትለምደዋለች።»

አያንቱ ምን እንደመለሰች አልሰማሁም፤ አንዱ ባጃጅ ጥሩንባውን ነፋ።

ለነገሩ ምንም አልመሰለኝም። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ቤቱ ለእኔ ብቻ ሊሆን ነው፣ እስከፈለግኩ ሙዚቃ ልከፍት ነው። ምልኬሳ ከመሄዱ በፊት የሁለቱን ጫማዎቹን ማሰሪያ እርስ በርስ ቋጠርኩት። ውስጡም በርበሬ ነሰነስኩ። ትንሽ ብቻ።

ጥር 14

ዛሬ በሽንኩርቱ ሰንጠረዥ በደንብ ሠራሁበት። ትምህርት ቤት አሥረኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩት ሰንጠረዥ ስለሚሰለቸኝ ነበር፤ አሁን ግን ራሴ የሠራሁት ስለሆነ ነው መሰለኝ ደስ ይላል።

ጠዋት ሁለት ሰዓት፦ ውሃው እግሬን እንደ ምላጭ ቆረጠኝ። ንፋስ ከሐይቁ ወደ እኛ። ምንም።
አራት ሰዓት፦ ለብ ብሏል። ምንም።
ስድስት ሰዓት፦ ደንገሉ ሥር ያለው ውሃ ሞቋል፤ አሥር እርምጃ ወደ ውስጥ ግን አሁንም ቀዝቃዛ ነው። ትንንሽ ዓሦች ደንገሉ ሥር ፀሐይ ሲሞቁ አየኋቸው። እኔ ደግሞ አሥር ቀን ሙሉ ክሬን በተቻለኝ ርቀት ስወረውር ነበር! ማንም በሌለበት ቤት በር ሳንኳኳ ማለት ነው።

ያቺ ሰማያዊ ወፍ፣ ከሽቦው ላይ ተወርውራ ውሃ ውስጥ የምትገባዋ፣ ሁልጊዜ የምትወርደው ደንገሉ ጠርዝ ላይ ነው። ዘጠኝ ጊዜ ቆጠርኳት። ስድስቱን ስታለች። እሷም ትስታለች!

ሽማግሌውን «ጠዋት ሲበርድ ዓሣው የት ነው የሚሄደው?» ብዬ ጠየቅኩት።

«አንቺ ሲበርድሽ የት ትሄጃለሽ?»

«አያንቱ አልጋ ውስጥ» አልኩ። በእውነት ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያ ነው።

ዞሮ አየኝ። ከዚያ ቡሹን ወደ መንጠቆው እንዳቀርበው በጣቱ አመለከተኝ። አሳጥሪው ማለቱ ነው። እንደማይነግረኝ ነበር የማስበው።

ጥር 16

ቡሹ ነቀነቀ! እኔ ከሸምበቆው ጋር ወደ ሰማይ። ትሉ ተበልቷል፣ ዓሣው የለም። አራት ጊዜ እንደዚህ ሆነ። ቸኩዬ ነው። ሲቀምስ አይደለም የሚሳበው፣ ቡሹን ይዞ ሲገባ ነው። ይሄን በራሴ ነው የደረስኩበት። ዙለይካ «ፕሮፌሰር» ትለኛለች።

ጥር 20

አያንቱ ሲነጋ ለሥራ ስትወጣ በሩ ላይ «ዛሬ ይቀናሻል፣ ሆዴ ነግሮኛል» አለችኝ። ትናንት ሳጥኗን ስታጸዳ ነበር። የእናታችንን ነጠላ አውጥታ አየችውና መለሰችው።

ስድስት ሰዓት ተኩል። ሽማግሌው ወደ ግራሮቹ ዞር ብሎ ነበር። ቡሹ አንዴ ነቀነቀ፣ ዝም አልኩ። ሁለቴ ነቀነቀ፣ ዝም አልኩ። ከዚያ ጭልጥ ብሎ ገባ። ሳብኩ። ከበደኝ! ክሩ ውሃውን እየሰነጠቀ ወዲያ ወዲህ አለ፣ ከዚያ ዓሣው ወጣ። ቆሮሶ። ጀርባው ጠቆር ያለ፣ ሆዱ ብር የመሰለ፣ አፉን እየከፈተ እየዘጋ አንድ ነገር ሊነግረኝ ይመስላል። ደረቱ ላይ ቀይ ቀለም እንዳለው አላውቅም ነበር። ሞቶ ነው ሁሌ ያየሁት።

እጄ ላይ ነበር። ከዚያ ውሃ ውስጥ ነበር።

ትንሽ ነበር። የጣት ያህል። እንዲህ ያለ ዓሣ ለሽማግሌ ይዞ መሄድ ስድብ ነው። ማንም አላየም።

ማታ አያንቱ «ዛሬስ?» አለች። «ምንም» አልኳት። የተላጠ አፍንጫዬን ቫዝሊን ቀባችኝ።

ጥር 21

የትናንቱ ዓሣ የጣት ያህል አልነበረም። የመዳፍ ያህል ነበር። የእኔ መዳፍ ግን ትንሽ ነው።

ጥር 23

ሌላ። ይሄኛው ራሱ ነው ያመለጠው። መንጠቆውን ሳወልቅለት አመለጠ። ውሃው ላይ ጎንበስ ብዬ ስለነበር ነው። ለምን ውሃው ላይ እንደጎነበስኩ አላስታውስም።

ስለዚያ ነገር ዛሬ አልጽፍም።

ጥር 25

ሰኞ፣ የነነዌ ጾም መጀመሪያ። አንድ ባጃጅ መንገዱ ላይ ቆመ፤ ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ «ፋዘር! አምባዛ ነው?» ብሎ ጮኸ። ተሳፋሪዎቹ ሳቁ። ሽማግሌው አልዞረም። አንገቱ ግን እዚህ ጋ፣ ከኮሌታው በላይ፣ ቀላ። በቪዲዮው ላይ አንገት አይታይም ነበር።

ምን እንደያዘኝ እንጃ፣ ጭቃ ዘገንኩና ወረወርኩ። መስታወቱን ሙሉ ሸፈነው። «ውረድና ጥረገው! ውረዳ!» አልኩት። እስከ አያቴ ድረስ ሰድቦኝ ሄደ።

ስመለስ ሽማግሌው ይስቃል። ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ብቻ ነው የሚስቀው።

«እጅሽ ደህና ነው» አለኝ። «ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ በዚህ እጅሽ ዓሣ እንዴት ያመልጥሻል?»

ደንግጬ ወሬ ለወጥኩ። «እርስዎስ? ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ አልያዙም። ምን ሊሠሩ ነው የሚመጡት?»

ክራቸውን ሰብስበው አሳዩኝ። ጫፉ ባዶ ነው። መንጠቆ የለውም። ቡሽ አለ፣ ክር አለ፣ መንጠቆ የለም።

«መንጠቆ ባስርበት ሰው ምን እንደሚያንጠለጥልበት አላውቅም» አሉ፤ እየቀለዱ ነው። ከዚያ አልቀለዱም። «ሻይ ቤት ስቀመጥ ይስቁብኛል። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ልጆች ይከተሉኛል። ቤት ብውል ግድግዳ ነው፤ ሚስቴ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆነ። እዚህ ክር ይዤ ከተቀመጥኩ ግን ሥራ ላይ ነኝ፣ ማንም ምን ትሠራለህ አይለኝም።»

«ቪዲዮውን አጠፋዋለሁ፣ አባባ።»

«ከሁሉም ሰው ስልክ ይጠፋል?»

«የእኔ ይጠፋል። ሌሎች የወሰዱት... አይጠፋም።»

«እውነቱን ነገርሽኝ፤ ደግ» አሉና ክራቸውን መልሰው ጣሉ።

ደብተሬ ውስጥ እንኳ አንቱ ማለት ጀምሬያለሁ። ምን ነክቶኝ ነው?

አያንቱን ለምኜ ስልኬን ለአምስት ደቂቃ አስከፈትኳት። አጠፋሁት። ሰባ አንድ ሺህ ደርሶ ነበር።

ጥር 27

አያንቱ ከሥራ አስፈቅዳ ምሳ ይዛልኝ ሐይቁ ድረስ መጣች። አባባ ሰንበታ ተነስተው ሰላም አሏት፣ ራቅ ብለው ተቀመጡ። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውሃ ውስጥ ከተተች። እኔ ለምን ቡሹ ቅርብ እንደሆነ፣ ለምን በስድስት ሰዓት እንደሚሻል፣ ስለ ሰማያዊዋ ወፍ ነገርኳት። አገጯን ይዛ ሰማችኝ። ስለ ሰንጠረዡ ስነግራት «ይሄን ሁሉ አንቺ ነሽ ያሰብሽው?» አለች።

ከዚያ «ጂቱ፣ ባይሆንም አትታመሚ» አለችኝ። «ያንቺ ጥፋት ብቻ አይደለም። እድሌ ነው።»

እድሌ ነው አለች። አያንቱ! ሽንኩርት ለምን እንደሚበሰብስ በማይክሮስኮፕ የምታይ ሰው እድሌ ነው አለች።

ማታ ጋሽ ዱጋሳ በረንዳ ላይ በስልክ ሲያወራ ሰማሁ። «የልጁ አክስት አርሲ ነገሌ ሌላ ልጅ አይታለታለች አሉ... እሱ እንቢ ብሏል፣ ግን እስከ መቼ?... አዎ፣ አንድ ዓሣ! አንድ ዓሣ ታጣ፣ ምን ልበልህ?»

እሺ። የክንድ ያህል ነበር። የመጀመሪያውም፣ ሁለተኛውም።

ጥር 29

አባባ ሰንበታ ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝና እንዲህ አሉኝ፦ «ባለፈው ሳምንት ረቡዕ ያወጣሽውን አይቼዋለሁ። የቅዳሜውንም።»

ዳቦውን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩ። «የትኛውን?»

«ግራር ሥር የሄደ ሰው ዓይኑን ትቶ አይሄድም።»

«ትንሽ ነበር» አልኩ።

እጃቸውን ዘርግተው ክርናቸው ጋ በሌላኛው እጃቸው መቱ። እስከዚህ።

«ለምን አልተናገሩም ታዲያ?»

«ሠላሳ ዓመት መረብ ጥያለሁ። የያዘውን የሚለቅ ሰው ሳይ መጀመሪያዬ ነው። ምን ሊሆን ነው ብዬ አየሁ።» ውሃውን ትንሽ አዩና፦ «አያንቱ አዳማ ብትሄድ ማን ጋ ትቀሪያለሽ?»

«አባ ኮዳዎቹ አሉ» አልኩ። አልሳቁም። እኔም አልሳቅኩም። ቀልድ ተናግሬ ያልሳቅኩበት ቀን አላስታውስም።

«እኔ ያልኩት ታውጣ ነው፤ አውጥተሻል። በእኔ በኩል አልቋል» አሉ። «ለእኔ ግን አይደለም የምትነግሪው። ለእሷ ንገሪያት፣ ትጥራኝ።»

ለእሷ? ምን ብዬ? ሁለት ጊዜ ሠርግሽን ውሃ ውስጥ ጣልኩት ብዬ?

ሌላ ባወጣ ይሻለኛል። ነገ አወጣለሁ። ከዚያ ማንም ምንም ማወቅ የለበትም። አሁን አውቅበት የለ?

የካቲት 1

ምንም። ንፋስ።

የካቲት 3

ስድስት ሰዓት፣ ደንገል ሥር፣ አጭር ክር፣ ትኩስ ትል። ሁሉም ልክ ነው። ምንም። ሰማያዊዋ ወፍ እንኳ ከሽቦው አልወረደችም።

አባባ ሰንበታ ያዩኛል። አይጠይቁኝም።

የካቲት 5

ምንም። ሌላ ቦታ ሞከርኩ። ምንም። ተመለስኩ። ምንም። ቡሹን በጣም ከማየቴ የተነሳ ዓይኔን ስጨፍንም ይታየኛል፣ ቀጥ ብሎ እንደቆመ። ዓሣ በፈለግኩት ጊዜ የት ሄደ? ስለቀው ለሌሎቹ ምን ነገራቸው?

የካቲት 6

ምንም። አያንቱ ሳጥኗን ወደ አልጋው ሥር መልሳ ገፋችው። ከውስጡ አውጥታ የሰቀለችው የሥራ ልብሷን ብቻ ነው።

የካቲት 7፣ ቅዳሜ

ነገርኳት።

ጠጉሯን እየፈታች ነበር። ከኋላዋ ቆሜ፣ ፊቷን እንዳላይ። «ጥር ሃያ ይዤ ነበር። ለቀቅኩት። ሃያ ሦስትም ይዤ ነበር። ለቀቅኩት። ዋሸሁሽ።»

ማበጠሪያዋ ቆመ።

ትመታኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትመታኝ ጥሩ ነበር። ዞር አለች። በጣም ለረጅም ጊዜ አየችኝ፤ እኔ ቡሹን እንደማየው።

«ለምን?»

ቀልድ ፈለግኩ። ሁልጊዜ ምላሴ ጫፍ ላይ አንድ አይጠፋም ነበር። «ክፍሉ አንድ ነው አላችሁ» ነው ያልኩት። ድምፄ የሕፃን ሆነ። ሼም ነው።

አያንቱ አላቀፈችኝም። «ስሚኝ» አለች። «ይዤሽ አልሄድም። እናታችን ስትሞት እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ አንቺ ሰባት ዓመትሽ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይዤሻለሁ። ዩኒቨርሲቲ ደርሶኝ ሳልሄድ ቀርቻለሁ፤ አንድም ቀን ነግሬሽ አላውቅም። አሁን ልሂድ። አንድ ጊዜ እኔ ልሂድ።»

ዩኒቨርሲቲ ደርሷት እንደነበር አላውቅም ነበር። ማወቅ እወዳለሁ የምለው እኔ፣ ዓሣ ጠዋት የት እንደሚሄድ ሁሉ የጠየቅኩ፣ ይሄን አልጠየቅኩም።

«ሂጂ» አልኳት።

ስልኳን አነሳችና ወደ ደጅ ወጣች። ለምልኬሳ ስትነግረው በበሩ በኩል ሰማሁ። መጀመሪያ አለቀሰች። ከዚያ «የክንድ ያህል ነበር አለችኝ» ብላ ሳቀች። ከዚያ እንደገና አለቀሰች።

የካቲት 8፣ እሑድ

መጡ። አራቱም። አባባ ሰንበታ ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። ቆሙ። ጋሽ ዱጋሳ ደግሞ አስቆማቸው፤ ምንም አልነገርነውምና «ዓሣው የታለ?» ብሎ።

«በዓይኔ አይቼዋለሁ» አሉ አባባ ሰንበታ። «ከእኔ ጎን ተቀምጣ፣ በመንጠቆ፣ አንድ ብል ሁለት ነው ያወጣችው። ትልልቅ።»

«ምን አደረገችው ታዲያ?»

«ያ የእህትማማቾች ነገር ነው። በእኔ ካሣ ውስጥ የለም።»

እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ክንዴን ይዘው አስነሱኝ። «ይቅርታ አባባ» አልኩ። ይሄን ለማለት አምስት ሳምንት ፈጀብኝ። ሳቄም አላመለጠኝም፤ ሌላ ነገር ነው ያመለጠኝ፣ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ጋሽ ዱጋሳ «ተቀመጡ» ሲል ወንበሮቹ ሲጢጥ ሲሉ ሰማሁ። ነገ ጾም ስለሚገባ ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆረጠ፣ ሚያዝያ 11። ጥር ላይ ባልለቀው ኖሮ ዛሬ ሠርግ ነበር። ዘጠኝ ሳምንት ሰርቄያታለሁ። ጓዳ ሆኜ በጣቴ ቆጠርኩት፤ ደግሜ ቆጠርኩት። ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ ደግሞ አፈርኩ። ሁለቱንም እጽፋለሁ፤ ሁለቱም አሉ።

እንግዶቹ ሲሄዱ አያንቱ ቀሚሷን ሳትቀይር ወንበር ላይ ተቀመጠች። «ዘጠኝ ሳምንት አለሽ» አለች። «መብራት ማስሞላት ትማሪያለሽ። የውሃ መስመሩ ሲዘጋ ማን ጋ እንደሚደወል ትማሪያለሽ። ብቻሽን መተኛት ትማሪያለሽ። ወጥ ትማሪያለሽ። ነገ በሽሮ እንጀምራለን።»

«ሽሮ ማን ያቅተዋል?» አልኳት።

የካቲት 9፣ ሰኞ

ሽሮ ሠራሁ። አረረ። ጨውም በዛበት።

አያንቱ ጨርሳ በላችው።